መልሱ የተቀደደ መጽሐፍ

ስለ ልጆች ትምህርት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ልጁ ምን ዐወቀ የሚለው ነው፤ ያወቀውን እንዴት አድርጎ ዐወቀው የሚለው ግን እምብዛም አይጠየቅም። እኔም ራሴ መምህር ሆኜ ሳለሁ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ በሚገባ የተረዳሁት ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን ከአንድ ጨዋታ ነው፤ ይኸውም አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት የነበረው፣ ዛሬ ቼዝ የምንለው ነው። የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ በዚህ በቡናው አገር፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፣ በእኔና በአንድ ባልንጀራዬ መካከል የሆነውን ነው። በነገሩ ውስጥ የእኔ ጥፋት ስላለበት መጻፉ ቀላል አልሆነልኝም፤ ነገር ግን ልጆቻቸው ስልክ ይዘው የሚያድጉባቸው ወላጆች ሁሉ ሊጠቀሙበት ይችላሉ ብዬ ስለማስብ ጻፍሁት።

ሰንጠረዥ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልትም ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፎአል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ የጨዋታውን ታሪክና ሥርዐት ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1971 አሳትመዋል። ያ ጨዋታ ከዛሬው ቼዝ ይለያል። ዛሬ ንግሥት በምትቆምበት ስፍራ ፈርዝ ይቆም ነበር፤ እርሱም የሚሄደው በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው። መክፈቻውም ‹ወረራ› ይባላል፤ በወረራ ጊዜ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ደግሞም የሚከበረው ማሸነፉ ብቻ አልነበረም፤ በምን ማሸነፉም ይታይ ነበር። በብርቱ ጠጠር ንጉሡን ከያዘው ሰው ይልቅ በደካማ ጠጠር የያዘው ይመሰገን ነበር። ትምህርቱ በመጽሐፍ አልነበረም፤ ሰው የሚማረው ዙሪያውን ቆሞ እያየ፣ ምክር እየሰጠ፣ እየተሳሳተም ነበር።

እኔ ባደግሁበት አካባቢ ግን በልጅነቴ ያየሁት ገበጣና ዳማ ነው። ዳዊት ከደገምሁና ጥቂት ጊዜም በቅኔ ቤት ከቆየሁ በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ቀጥዬ፣ በ1988 ዓ.ም. በሚዛን ተፈሪ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ አንድ የሒሳብ መምህር ቼዝን አሳየን። ሰሌዳችን የካርቶን ክዳን ነበረ፤ ጠጠሮቻችንም የለስላሳ ቆርኪዎች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ቆርኪ ውስጥ ወረቀት ለጥፈን የጠጠሩን ስም መጀመሪያ ፊደል እንጽፍበት ነበር። መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ ተዛውሮ ሲሄድ አንድ መጽሐፍ ተወልን። መጽሐፉ በሞስኮ የታተመ፣ ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጐመ፣ ልባሱ የወለቀ ነበረ። በውስጡ ከ100 የሚበልጡ ጥያቄዎች ነበሩበት፤ መልሶቹ ግን የነበሩት በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ስለ ነበረ፣ እነዚያም ገጾች ተቀደው ስለ ጠፉ፣ አንድም መልስ አልነበረንም። ማን እንደ ቀደዳቸው አይታወቅም፤ ምናልባትም ስኳር ተጠቅልሎባቸው ይሆናል።

ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር በኩራዝ ብርሃን እነዚያን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ያዝናቸው። አንዱን ጥያቄ ለመፍታት ሦስት ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ሳምንት ይፈጅብን ነበር። አንደኛችን መልስ አገኘሁ ሲል ሌላው ለማፍረስ ይነሣል፤ ሊያፈርሰው ካልቻለ ያን ጊዜ መልሱን በእርሳስ በገጹ ዳር እንጽፋለን። ከውድድርም ሆነ ከሠለጠነ ተጫዋች ርቀን፣ አዲስ አበባም ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለች፣ በዚያች በተቀደደች መጽሐፍ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤቱን በሙሉ የምናሸንፍ ሆንን።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን አጣላን። ቦታው እንዲህ ነው፤ በሰሌዳው ላይ የቀሩት ሁለት ነገሥታትና ሁለት ወታደሮች ብቻ ናቸው። የነጩ ንጉሥ በራስጌው በቀኝ በኩል ጥግ ላይ ቆሞአል። የጥቁሩ ወታደር በዚያው ዐምድ ከእርሱ ሦስት ቤት ቀድሞ ወደ ግርጌ ይሮጣል፤ ንግሥት ለመሆንም 4 እርምጃ ቀርቶታል። የነጩ ወታደር በግራ በኩል ንግሥት ለመሆን 2 እርምጃ ብቻ ቀርቶታል፤ ነገር ግን የጥቁሩ ንጉሥ በቅርብ ሆኖ ይጠብቀዋል። መጽሐፉ የሚለው «ነጭ ይጀምራል፤ አቻ ይለያያሉ» ነው። እኔ ብቆጥረው ንጉሡ የሚሸሸውን ወታደር በምንም አይደርስበትም፤ የራሱንም ወታደር ለመርዳት ሩቅ ነው። ባልንጀራዬ ግን «በሰያፍ ቢሄድስ?» አለኝ። ንጉሡን በሰያፍ ሁለት ጊዜ አራመደው፤ እኔም ወታደሩን ሁለት ጊዜ ገፋሁት። ከዚያ በኋላ እርሱ ወታደሩን ማሳደዱን ቢቀጥል አልደረሰበትም፤ የእኔም ወታደር ንግሥት ሆነ።

«አንድ ነገር አለ፤ ጥቂት ጠብቀኝ» አለ። እኔ ግን አልጠበቅሁትም። ልጆቹ ሁሉ ከብበውን ሳለ «አንተ የተፈጠርኸው እንደ አባትህ ቡና ለመልቀም ነው እንጂ ለዚህ አይደለም» ብዬ ሣቅሁበት፤ ልጆቹም ሣቁ። በመጽሐፉም ገጽ ዳር በእርሳስ ሳይሆን በቀለም «የመጽሐፉ ስሕተት ነው። ጥቁር ያሸንፋል» ብዬ ጻፍሁ። ባልንጀራዬ ቆርኪዎቹን ሰብስቦ ሰጠኝና ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰሌዳ ፊት አልተቀመጠም።

ዓመታት አለፉ። እኔ የመምህራን ትምህርት ተምሬ ወደ ሚዛን ተመለስሁ፤ እርሱ ቴፒ ገብቶ የቡና ሚዛን ሠራተኛ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ስቶክፊሽ የሚባለውን የቼዝ መሣሪያ በስልኬ ላይ ካስገባሁ በኋላ፣ ለተማሪዎቼ እንዲሆኑ የአሮጌዋን መጽሐፍ ጥያቄዎች አንድ በአንድ እየደረደርሁ መመርመር ጀመርሁ። ያችን ጥያቄ ስደረድራት መሣሪያው ዐይን ሳይጨፈን መልሱን አሳየኝ፤ አቻ ነው። ንጉሡ በሰያፍ ሁለት ጊዜ ከሄደ በኋላ የጥቁሩ ወታደር መሮጡን ከቀጠለ፣ ንጉሡ ማሳደዱን ትቶ ወደ ራሱ ወታደር ይዞራል፤ ሁለቱም ወታደሮች ንግሥት ይሆናሉ። የጥቁሩ ንጉሥ ተመልሶ የነጩን ወታደር ሊበላ ቢዘገይ ደግሞ፣ የነጩ ንጉሥ በዚያው በሰያፍ መንገዱ ቀጥሎ የሚሸሸውን ወታደር ይደርስበታል። በሰሌዳ ላይ ንጉሥ በሰያፍ ሲሄድ በቀጥታ ከሚሄደው የበለጠ እርምጃ አይፈጅበትምና፣ በአንድ ጉዞ ሁለት መንገድ ይጓዛል። ይህን ድንቅ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1921 የደረሰው ሪካርድ ሬቲ የተባለ ታላቅ ተጫዋች መሆኑን፣ በዓለምም ሁሉ የታወቀ መሆኑን፣ ያን ጊዜ ዐወቅሁ። ባልንጀራዬ ያልታየው አንዲት መታጠፊያ ብቻ ነበረች። እኔ ግን 23 ዓመት ሙሉ ስሕተቴን በቀለም ጽፌ ይዤው ኖርሁ።

ከዚህ የተነሣ መሣሪያውን እጅግ ወደድሁት፤ ወዲያውም ወደ ሌላው ጥፋት ገባሁ። ማታ ማታ የተማሪዎቼን ደብተር ማረም ትቼ በ3 ደቂቃ የሚያልቁ ፈጣን ጨዋታዎችን በኢንተርኔት እጫወት ነበር። ስሸነፍ መሣሪያውን እጠይቃለሁ፤ እርሱም ይነግረኛል፤ እኔም «እውነት ነው» እልና ሌላ እጀምራለሁ። ተማሪዎቼንም እንዲሁ አስለመድኋቸው። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከእነርሱ መካከል ስድስቱን ይዤ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ቴፒ ካሉ ተማሪዎች ጋር ለመጫወት ሄድን። ልጆቼ መሣሪያው የሚመርጣቸውን መክፈቻዎች በቃላቸው አጥንተው ነበር። ባላጋራዎቻቸው ግን መክፈቻውን ስለማያውቁት በስምንተኛው ወይም በዘጠነኛው እርምጃ ላይ ከመንገዱ ወጡ፤ የእኔም ልጆች ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጉ አላወቁም። ከስድስቱ አምስቱ ተሸነፉ። አንደኛው ልጅ እንባውን ይዞ «ጋሼ፣ ስልኩ ላይ ቢሆን ዐውቀው ነበር» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ይህ የእኛ መንደር ችግር ብቻ አይደለም። ከኮምፒዩተር በፊት ቼዝ የሚማር ሰው ዕውቀትን ፍለጋ ሩቅ መሄድ ነበረበት። አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር የሶቪየትን የቼዝ መጽሔቶች ለመከታተል ሩሲያኛ ማንበብን ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በ15 ዓመቱ ግራንድ ማስተር የሚባለውን ታላቅ ማዕርግ ሲያገኝ ዓለም ተደነቀ። ረዥም ጨዋታ በአንድ ቀን ካላለቀ ለማግሥቱ ይተላለፍ ስለ ነበረ፣ ተጫዋቾቹ ሌሊቱን ሁሉ በገዛ አእምሮአቸው ሲመረምሩ ያድሩ ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1997 በሰኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል ቦታዎችን የሚመረምረው ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን 3½ ለ 2½ አሸነፈው። ጨዋታን ለማግሥቱ ማስተላለፍም በዚያው ዘመን ቀረ፤ ሌሊቱን የሚመረምረው ሰው መሆኑ ቀርቶ ኮምፒዩተር ሆኖ ነበርና። ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ ያለው መሣሪያ ማንኛውንም ሻምፒዮን ያሸንፋል።

የተገኘው ጥቅም ታላቅ መሆኑን መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ሊቼስ የተባለው ገጽ ያለ ምንም ክፍያ ስለሚሠራ፣ የቴፒ ልጅ መብራትና ኔትዎርክ ካለው ከብራዚል ልጅ ጋር ይጫወታል፤ ስሕተቱንም ወዲያው ያያል። አቢማንዩ ሚሽራ የተባለ አሜሪካዊ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ግራንድ ማስተር የሆነው በ12 ዓመቱ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2024 በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ሕንዳዊውን ጉኬሽን እንመልከት። አሠልጣኙ ቪሽኑ ፕራሳና ልጁ በገዛ ራሱ ማሰላሰልን እስኪለምድ ድረስ፣ ብዙ ዓመት ከኮምፒዩተር አርቆ እንዳስተማረው በሰፊው ተነግሮአል። መሣሪያው በሞላበት ዘመን ያደገው ሻምፒዮን መጀመሪያ ያለ መሣሪያ መማሩ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ይህን ሳሰላስል ትዝ ያለኝ የቅኔ ቤት ሥርዐት ነው። የኔታ አስቀድመው ለምሳሌ የሚሆን ቅኔ ያሰማሉ፤ መንገዱንም ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪው ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ቢከብደውም የሚቆጥርለት የለም። ቈጥሮ ሲጨርስ ተመልሶ ለየኔታ ይነግራል፤ እርሳቸውም ቤቱ የጐደለበትን፣ ምሥጢሩ የተፋለሰበትን ያርሙለታል። ያለ ቆጠራ ነገራ የለም፤ ያለ ነገራም የቆጠራው ስሕተት አይታረምም። እኔና ባልንጀራዬ በልጅነታችን ቆጠራ ነበረን፤ ነገራ ግን አልነበረንም፤ ስለዚህ ስሕተታችን 23 ዓመት ኖረ። የዛሬ ልጆች ነገራ በእጃቸው አለላቸው፤ ቆጠራው ግን ቀርቶባቸዋል። መሣሪያው የኔታን ይተካል ማለቴ አይደለም፤ የኔታ ተማሪያቸውን ያውቁታል፤ መሣሪያው የሚያውቀው ጠጠሩን እንጂ ልጁን አይደለም።

ስለዚህ ከቴፒ ከተመለስን በኋላ በትምህርት ቤታችን ይህን ሥርዐት አቆምን።

አንደኛ፣ ልጁ ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ በእጁ ይደረድራል፤ 20 ደቂቃ ያህልም ያስብበታል። መልሴ ነው የሚለውን ከነምክንያቱ በደብተሩ ላይ በእርሳስ ሳይጽፍ ስልክ አይነካም።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉን ለጓደኛው ይሰጠዋል፤ ጓደኛውም ለማፍረስ ይሞክራል። በዚህ ጊዜ ማንም በማንም ላይ አይሥቅም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱንም ልጆቹ ያውቃሉ።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ይጠየቃል። መሣሪያው የሚሰጠው እርምጃውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ልጁ ራሱ በቃሉ ማስረዳት አለበት። ማስረዳት ካልቻለ ገና አልተማረውም።

አራተኛ፣ ጥቂት ጠጠሮች ከቀሩበት ከጨዋታው ፍጻሜ እንጀምራለን። የኩባው ሻምፒዮን ካፓብላንካ የመከረውም ይህንኑ ነው፤ ጠጠሮቹ ጥቂት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ጠባይ ይታያልና።

አምስተኛ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሰው ጋር፣ ፊት ለፊት፣ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ይደረጋል፤ እርምጃውም ሁሉ ይጻፋል። ፈጣኑ ጨዋታ ለዕረፍት ቀን ይቆያል።

ወላጆች ሆይ፣ ጨዋታውን ባታውቁትም ልጃችሁን መርዳት ትችላላችሁ። «ዛሬ ስንት አሸነፍህ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን ተሳሳትህ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልስላችሁ ነገር ካለው እየተማረ ነው፤ የሚነግራችሁ የነጥቡን ቍጥር ብቻ ከሆነ ግን ጊዜው እያለፈ ነው። በእኛ አገር ቀይና አረንጓዴውን ባንድነት ከቅርንጫፉ የሚገፍፍ ሰው ቅርጫቱን ቶሎ ይሞላል፤ ሚዛን ላይ ሲደርስ ግን ዋጋው ይወድቅበታል። ቀይ ቀዩን እየመረጠ የሚለቅመው ይዘገያል፤ የሚከበረው ቡና ግን የእርሱ ነው።

አሁን ወደ ቴፒው ጉዞ ልመለስ። ባልንጀራዬ በቴፒ መኖሩን ዐውቅ ነበር፤ ጥፋቴን ካወቅሁ በኋላ ግን አራት ዓመት ሙሉ አፍሬ፣ ሃምሳውን ኪሎ ሜትር መሄድ አቅቶኝ ቆይቼ ነበር። ልጆቼ የተሸነፉ ዕለት ማታ አሮጌዋን መጽሐፍ ይዤ ወደሚሠራበት ስፍራ ሄድሁ። እሸት ቡና እየተመዘነ ነበር። ሥራው እስኪያልቅ ጠበቅሁትና ገጹን ገልጬ የጻፍሁትን አሳየሁት። ረዥም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያም አንድ ካርቶን አነሣ፤ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረበት፤ ከቡናው ላይ ሁለት ቀይና ሁለት አረንጓዴ ፍሬ መርጦ በየቦታቸው አኖራቸው፤ ለነገሥታቱም ተለቅ ተለቅ ያሉትን መረጠ።

ቀዩን ንጉሥ በሰያፍ አራመደው፤ እኔም አረንጓዴውን ወታደር ገፋሁት። ደግሞ አራመደው፤ ደግሞ ገፋሁት። በዚያ ቦታ ላይ ቆመ። ስልኩ በኪሴ ነበረ፤ አላወጣሁትም። በዚህ ጊዜ ግን ጠበቅሁት። ሩብ ሰዓት ያህል አልፎ ይሆናል፤ ንጉሡን አንሥቶ ወደ ራሱ ወታደር አዞረውና ቀና ብሎ አየኝ።

«ያን ጊዜ አልታየኝም እንጂ እንዳለ ዐውቅ ነበር» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እርሱም ይቅር አለኝ። በቀለም የጻፍሁትን ልሰርዘው ብል ግን «ተወው፣ ልጆቹ ያንብቡት» ብሎ ከለከለኝ። መጽሐፉ ዛሬ በትምህርት ቤታችን ሣጥን ውስጥ ነው። የተቀደዱትን መልሶች ከስልክ ገልብጠን እንለጥፍበት ያሉ ልጆች ነበሩ፤ እኔ ግን እንደ ተቀደደ እንዲኖር አደረግሁት። ከባልንጀራዬም ጋር በየሳምንቱ በስልክ አንድ አንድ ጥያቄ እንለዋወጣለን፤ መልሱንም ሳምንቱ ሳያልቅ አንዳችን ለሌላው አንነግርም።